ሌሊት ለሲኒየር መደወል፦ ቢደወልም ቁጣ፣ ባይደወልም ቁጣ

የደንገጎ ቁልቁለት (ይህን የኢንተርኔት ውይይት የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት። የማኅፀንና ጽንስ ሕክምና ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የምማር ሐኪም) ነኝ፤ ሦስተኛ ዓመቴን ልጨርስ ጥቂት ቀርቶኛል። ሆስፒታሉ ድሬዳዋ ይሁን ሐረር አልናገርም። ከተሞቹ የሚተዋወቁ ሰዎች ከተሞች ናቸው፣ የምጽፈውም ማንንም ለማሳጣት አይደለም። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቺፍ ሬዚደንት (የሬዚደንቶች አለቃ) ስለምሆን የተረኝነት ፕሮግራሙን የማወጣው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የምጠይቀው መልሱ ቸግሮኝ ነው።

እኛ ጋ ካሉት ሲኒየሮች (ስፔሻሊስት መምህሮቻችን) አንዱ እጃቸው የተባረከ ነው። ቀዶ ሕክምና ክፍል ቆሞ እሳቸውን ማየት ራሱ ትምህርት ነው፤ አልቆም ያለን ደም እንዴት ረጋ ብሎ መያዝ እንደሚቻል ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ችግሩ ስልክ ላይ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ ሲደወልላቸው የመጀመሪያ ቃላቸው «ይህንንም አታውቅም?» ነው። ጠዋት በስብሰባው ላይ ደግሞ ኢንተርኑም (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪው) ነርሱም ባለበት «ለምን አልደወልክልኝም?» ይላሉ። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ አፍ ሰምቻለሁ።

በቅርቡ የሆነውን ልንገራችሁ። ከምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር፣ ከጤና ጣቢያ ተልካ የመጣች እናት ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም አለ። ተረኛዋ የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ነበረች። ማኅፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ሰጠች፣ ማኅፀኑን አሸች፣ ደም የሚያረጋውን ትራኔክሳሚክ አሲድ ጨመረች፣ ከውስጥ ተጭኖ ደም የሚያቆም ባሉን አስገብታ ነፋች። ቅደም ተከተሉ ላይ ስሕተት የሚያወጣባት የለም። ነገር ግን ይህን ሁሉ ስታደርግ የሲኒየሩ ቁጥር ስልኳ ላይ ተከፍቶ ነበር፤ አብራት የነበረችው አዋላጅ እንደነገረችኝ ብዙ ጊዜ አንስታ መልሳ አስቀምጣዋለች። በመጨረሻ የደወለችው ለእኔ ነው። እኔ ደወልኩላቸው፣ መጡ፣ እናቲቱ ዳነች፤ ማኅፀኗ ግን ወጣ። ቀደም ብሎ ተደውሎ ቢሆን ይተርፍ ነበር ወይ ለሚለው ማንም በእርግጠኝነት መልስ የለውም።

ጠዋት ሬዚደንቷ ቆማ ተጠየቀች። ስለ መድኃኒቱ መጠን፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ደሙ ግምት፣ ለምን ዘገየሽ ስለሚለው ሁሉ ተጠየቀች። «ለመደወል ለምን ፈራሽ?» ብሎ የጠየቃት ግን አንድም ሰው የለም።

ልሂድና ላነጋግራቸው ብል የሎግ ቡኬን (የሠራሁት የሚመዘገብበትን ደብተር) ፊርማ የማገኘው ከእሳቸው ነው። የዓመቱን ግምገማ የሚሞሉት፣ በመጨረሻው ፈተና ከፊቴ የሚቀመጡት፣ ነገ ንዑስ ስፔሻሊቲ ብፈልግ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልኝ እሳቸው ናቸው። አቤት የምልበትም የሚፈርምልኝም አንድ ሰው ነው። ለታናናሾቼ ምን ልበላቸው?

የማታ ተረኛ

ዶክተር፣ አዋላጅ ነኝ፤ ከማዋለጃ ክፍል ወጥቼ አላውቅም። የየሲኒየሩን ጠባይ ከሬዚደንቱ አስቀድመን የምናውቀው እኛ ነን። ሬዚደንቱ ማታ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዛሬ ከላይ ያለው ማን ነው?» ብሎ ነው፤ መልሱን ሲሰማ ትከሻው ሲወርድ ወይም ሲቀል ዓይን ያየዋል። ከላይ ያሉት ደግ ከሆኑ ነገሩ ገና ሲጠረጠር ይደወላል። ቁጡ ከሆኑ እስኪለይለት ይጠበቃል። እንግዲህ የእናቲቱ ዕድል ምጥ በያዛት ቀን ተረኛ በሆነው ሰው ይወሰናል ማለት ነው።

ቁጣ ደግሞ ቁልቁል ይሄዳል። ከሲኒየሩ ወደ ሬዚደንቱ፣ ከሬዚደንቱ ወደ ኢንተርኑ፣ ከኢንተርኑ ወደ ነርሱ ሲወርድ ያድርና መጨረሻ ላይ በር ላይ የቆመው አስታማሚ ላይ ያርፋል። ኢንተርኖቹ ብዙዎቹ ከሌላ አካባቢ ስለሚመጡ ኦሮምኛም ሶማልኛም አይችሉም፤ ሌሊት የበሽተኛዋን ቃል እንዲያስረዳ የሚለመነው ያው የተጮኸበት አስታማሚ ነው።

የሚገርመኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ድሬ አንቱታ የማያበዛ ከተማ ነው፤ ገበያ ላይ ሽማግሌውን «አንተ» እያለ ሲከራከር የሚውል የከተማው ልጅ ነጭ ጋዋን በለበሰ ማግስት ድምፁ ይጠፋል።

ቀን ከሌት

የቀዶ ሕክምና ሲኒየር ነኝ። የምታወሩላቸው ሰው እኔ አይደለሁም፤ ልሆን ግን እችል ነበር፤ ስለዚህ የእኛንም ወገን ስሙ።

በመጀመሪያ፣ የሲኒየር ቁጣ ሁሉ ክፋት አይደለም። ጠዋት ራውንድ (በሽተኞችን እየዞሩ ማየት)፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና፣ ከሰዓት በኋላ ማስተማር፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ደመወዙ ስለማያኖር የግል ክሊኒክ፣ ሌሊት ጥሪ። በዚያው ሳምንት መልሶ ተረኛ። ይህ የሆነው የሕክምና ተማሪው ሲበዛ አስተማሪው በዚያው ልክ ስላልበዛ ነው። በ2004 ዓ.ም. አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር በ13 ተቋማት በአንድ ጊዜ ሲጀመር ግቡ የሐኪሙን ቁጥር በፍጥነት ማሳደግ ነበር። ቁጥሩ አደገ። ስፔሻሊስት ግን በአዋጅ አይመረትም፤ ራውንድ ላይ በአንድ አልጋ ዙሪያ የተደረደረውን ሕዝብ ያየ ያውቀዋል።

ደግሞም አደዋወል የማያውቅ ሬዚደንት አለ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከእንቅልፌ ቀስቅሶ «ዶክተር እንደምን አደሩ፣ አንዲት የሠላሳ ዓመት በሽተኛ አለች፣ የመጣችው ከጭሮ ነው፣ ከሦስት ቀን በፊት…» ብሎ ይጀምራል። የደም ግፊቷ ስንት ነው ስለው «ትንሽ ይጠብቁኝ ልይ» ይለኛል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦቹ ላይ ይሠራበት የነበረውን የአነጋገር ሥርዓት ሆስፒታሎች የወሰዱት ለዚህ ነው። መጀመሪያ አሁን ምን እየሆነ እንዳለ ትናገራለህ፤ ከዚያ አጭር ታሪክ፤ ከዚያ አንተ ምን ነው ብለህ እንደምታስብ፤ በመጨረሻ ከእኔ የምትፈልገውን። «ደም እየፈሰሳት ነው፤ ግፊቷ 80 በ50 ነው፤ ከወለደች አንድ ሰዓቷ ነው፤ ማኅፀኗ አልኮማተር ብሏል ብዬ አስባለሁ፤ እንዲመጡልኝ እፈልጋለሁ።» እንዲህ ያለኝን ልጅ የምሰማው ሱሪዬን እየታጠቅሁ ነው።

ሌላው፣ እኛ የተማርነው በዚሁ መንገድ ነው። የኔታ ያለ አለንጋ አላስተማሩም፤ ሐረር ያደጋችሁም ከቢር (የቁርኣን መምህሩ) አጠገባቸው ምን እንደሚያስቀምጡ ታውቃላችሁ። ራውንድ ላይ እንባዬን እየዋጥሁ የተማርሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ዛሬ የማመሰግነው ያስለቀሱኝን ነው።

ገና ኢንተርን

ዶክተር፣ ከአክብሮት ጋር፦ እርስዎ ያስለቀሱዎትን ያመሰግናሉ፤ አብረውዎት አልቅሰው ትምህርቱን ጥለው የሄዱትን ግን ማን ጠየቃቸው? ምስጋና የሚያቀርበው ያለቀለት ሳይሆን የተረፈው ነው።

ደግሞ ትንሽ ነገር፦ የምንደውለው በራሳችን ስልክ፣ በራሳችን ሒሳብ ነው። ሒሳብ ያለቀበት ተረኛ ከጽዳት ሠራተኛ ስልክ ሲበደር አይቻለሁ።

የፈረስ መጋላ ልጅ

ሐኪም አይደለሁም፤ ጨርቅ ነው የምነግደው። አባቴን ባስታመምኩ ጊዜ ያየሁትን ልናገር፤ ቦታውን ተዉት።

አባቴን ሌሊት ሌሊት የሚከታተለው አንድ ቀጭን ወጣት ሐኪም ነበር። ሲያስለው ቀና የሚያደርገው፣ ኦክስጅኑን የሚያይለት፣ በእኛ ቋንቋ የተማራትን አንድ ሰላምታ ሁልጊዜ የሚላት እሱ ነው። አንድ ጠዋት ታላቁ ዶክተር ከነተከታዮቹ መጣና ልጁን «የዚህ ሰው ፖታሲየም ስንት ነው?» አለው። ልጁ ወረቀት ያገላብጥ ጀመር። ያደረ ፊቱ ላይ ላብ አየሁ። ታላቁ ዶክተር «አንተን ማን ሐኪም አደረገህ?» ብሎት ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

አባቴ አማርኛ ይሰማል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ልጅ ያዘዘውን መድኃኒት አልውጥም አለ። «ይህኛው አያውቅም ተብሏል፣ ትልቁን ጥሩልኝ» ይላል። ትልቁ ደግሞ ሌሊት የለም። ተለማምጬ፣ ተቆጥቼ፣ እናቴን አስመጥቼ ነው የዋጠልኝ። ተማሪያችሁን መገሠጽ መብታችሁ ነው፤ በበሽተኛው አልጋ ላይ ግን አታድርጉት፤ ዳፋው ለእኛ ይተርፋል።

ከአገር ርቄ

ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው፤ አሁን ውጭ አገር የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ጉዳዩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1984 ኒውዮርክ ውስጥ ሊቢ ዛየን የምትባል የ18 ዓመት ልጅ ትኩሳት ይዟት ሆስፒታል ገብታ በሰዓታት ውስጥ ሞተች። ሌሊቱን ያከሟት ኢንተርንና የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ነበሩ፤ ኃላፊው ሐኪም የነበረው በስልክ ነው። ትወስደው ከነበረው የድብርት መድኃኒት ጋር የማይስማማ ፔቲዲን የሚባል የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቷት ነበር። አባቷ ጋዜጠኛ ስለነበር ነገሩን አልለቀቀም፤ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ ኒውዮርክም በ1989 ሬዚደንት በሳምንት በአማካይ ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ደነገገች። በ2003 ይኸው ገደብ በመላው አሜሪካ ደንብ ሆነ።

ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው 80 ሰዓቱን ነው። ኮሚሽኑን የመሩት ሐኪም በርትራንድ ቤል ግን ሲሟገቱ የኖሩት የሰዓቱ ጉዳይ ሁለተኛ ነው፣ ዋናው ነገር ልምድ ያለው ሐኪም ወጣቱን በቅርብ መከታተሉ ነው እያሉ ነው። የደከመ ልጅ ብቻውን ሲተው ነው አደጋው። እኔ ያለሁበት አገርም ሰዓቱ ተቆጥሮ ልጁ ብቻውን የሚያድርበት ሆስፒታል አለ።

ለጠያቂው የሚጠቅመው ደግሞ ይህ ነው። የእንግሊዝ የጽንስና ማኅፀን ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በ2021 ባወጣው መመሪያ ኮንሰልታንቱ (እኛ ሲኒየር የምንለው) በአካል መገኘት ያለበትን ሁኔታ በስም በስሙ ጽፎታል፦ ኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የደም ግፊት የሚመጣ መንቀጥቀጥ)፣ የእናት ድንገት መዝለፍለፍ፣ ከ2 ሊትር በላይ ፈስሶ ያልቆመ ደም፣ በሽተኛን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መመለስ እያለ ይሄዳል። እኔ ከዝርዝሩ የምወደው ግን አንዱን ነው፦ ወጣቱ ሐኪም ና ካለው ኮንሰልታንቱ ይመጣል። እንዲህ ያለ ወረቀት ካለ ልጁ «አላውቅም» ብሎ አይደውልም፤ «ወረቀቱ ደውል ይላል» ብሎ ነው የሚደውለው። ሲኒየሩም የሚቆጣበት ሰው ያጣል።

ቀን ከሌት

2 ሊትር? ወንድሜ፣ እዚያ ይሠራ ይሆናል። እዚህ የምትመጣው እናት ቀድሞውኑ ደም ያነሳት ናት፣ በመንገድ ላይ ደምታ ነው የምትደርሰው፣ ደም ባንክ ውስጥ የእሷ ዓይነት መኖሩም ዋስትና የለውም። 2 ሊትር ከጠበቅን ለቀብር ነው የምንጠራው። በምጥ ከወለደች 500 ሚሊ ሊትር ሲያልፍ ሬዚደንቱ ሕክምናውን ይጀምር፤ 1000 ሲደርስ፣ ወይም ሳይደርስም ግፊቷ ከወረደ፣ ይደውል።

በአካል ስለመገኘት ደግሞ፦ ቤቱ ድሬዳዋ ሆኖ ሐረር የሚሠራ፣ ቤቱ ሐረር ሆኖ ድሬ የሚሠራ አለ። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሌሊት በመንገዱ ላይ ባለው የደንገጎ ቁልቁለት ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ ኪሎ ሜትሩ አይቆጠርም። ተረኛ የሆነ ሌሊት ሆስፒታሉ ባለበት ከተማ ይደር። ይህ ካልተጻፈ የቀረው ዝርዝር ጌጥ ነው።

ለኢንተርኑ፦ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በቁጣ ስለተማርኩ ይሁን ቁጣ ቢኖርም የተማርኩ መለየት አልችልም። የፈረስ መጋላው ሰውዬ ስለ አባቱ የተናገረው ላይ ግን ክርክር የለኝም። ግሣጼ በር ተዘግቶ ነው።

ነሐሴ 2011

ስለ ቁጣና ስለ ትምህርት አንድ ነገር ልጨምር። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በትንኝ የሚተላለፈውና መገጣጠሚያን የሚያሳምመው ቺኩንጉንያ ድሬዳዋን ሲመታ እዚያው እሠራ ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። ሐኪሙም ነርሱም በሽተኛውም ቁርጭምጭሚቱን ይዞ እኩል ያነክስ ነበር፤ ከወንበር ለመነሣት የሚረዳው የሚፈልግ ሲኒየር ለማንም አያስፈራም። እኛ ክፍል ያን በሽታ ከመጽሐፍ ውጪ የሚያውቅ ስላልነበረ ሲኒየሮቹ «አንተ ምን አየህ?» ብለው ይጠይቁን ጀመር። ኢንተርኑ ያየውን ሽፍታ፣ ነርሷ ያስተዋለችውን የሕፃናት ትኩሳት ሳይፈራ ሳይቸር ይናገራል። ጠዋት ስብሰባው ላይ እንደዚያን ሰሞን ተምሬ አላውቅም።

ከዚያ ወረርሽኙ አለፈ፤ ሁሉም ወደየወንበሩ ተመለሰ።

አንድ ተመራማሪም ተመሳሳይ ነገር አግኝታለች። ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ የሆስፒታል ክፍሎችን ስታጠና ጥሩ ተባብረው የሚሠሩት ቡድኖች አነስተኛ የመድኃኒት ስሕተት ይኖራቸዋል ብላ ጠብቃ ነበር። የተመዘገበው ስሕተት እነሱ ጋ በዝቶ ተገኘ። ስሕተቱ በዝቶ ሳይሆን ለመናገር ስለማይፈሩ ነው ብላ አሰበች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራዋ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ጠያቂያችን፣ ክፍላችሁ ውስጥ የተመዘገበ ስሕተት ጥቂት ነው ብሎ የሚመካ ኃላፊ ካለ ደስ አይበልህ።

የደንገጎ ቁልቁለት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሌሊቱን ተቀምጬ አንድ ገጽ ረቂቅ ጻፍኩ። ደም 1000 ሚሊ ሊትር ሲደርስ ወይም ግፊት ሲወርድ፣ ኤክላምፕሲያ ሲኖር፣ ማኅፀን ተቀድዷል ተብሎ ሲጠረጠር፣ በሽተኛ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንድትመለስ ሲወሰን፣ ከሁለት ዩኒት (ከረጢት) በላይ ደም ሲያስፈልግ ይደወላል። ከዚህ ውጪም ተረኛው ካልተረጋጋ ይደውላል። ደዋዩ ቀን ከሌት የዘረዘሩትን አራት ነገር ተናግሮ በካርዱ ላይ የደወለበትን ሰዓት ይጽፋል። ጠዋት ስብሰባው ላይ «ለምን ደወልክ» ብሎ መጠየቅ የለም። ሲኒየሩ በሁለት ጥሪ ካላነሣ ለሁለተኛው ተጠባባቂ ይደወላል። ለተረኛ የሚሆን አንድ የክፍል ስልክ ከነሒሳቡ ይጠየቃል።

ስለ ፊርማው ግን ምንም መጻፍ አልቻልኩም። እሱ ከእኔ አቅም በላይ ነው።

ቀን ከሌት

ስለ ፊርማው እኔ በምሠራበት ቦታ አነሣዋለሁ። የሬዚደንት ግምገማ በአንድ ሰው እጅ እንዳይሆን፣ ሁለት ሲኒየር ለየብቻ እንዲሞሉት፣ ደግሞም ሬዚደንቱ ቅሬታ ቢኖረው ከማይገመግመው መምህር ጋር የሚነጋገርበት መንገድ እንዲኖር። አልዋሽህም፣ አይወደድልኝም፤ ግን አነሣዋለሁ። አንተ ጋም ክፍል ኃላፊው ዘንድ ስትሄድ ረቂቁን ብቻህን ይዘህ አትሂድ፤ እጃቸው የተባረከ ላልካቸው ሰው አስቀድመህ አሳያቸውና «አርሙልኝ» በላቸው። እሳቸው እጃቸውን ካላስገቡበት የሚቃወሙት የመጀመሪያው ሰው ይሆናሉ።

ረቂቁ ላይ አንድ እርማት፦ «ከሁለት ዩኒት በላይ» አትበል። «ሁለተኛው ዩኒት ከመሰቀሉ በፊት» በለው። ሦስተኛውን ለመጠየቅ ስትደውልልኝ ዘግይተሃል።

የማታ ተረኛ

እኔም አንድ መስመር አለኝ። ከተጻፈው አንዱ ተከስቶ ተረኛው ሬዚደንት ካልደወለ አዋላጇ ራሷ ለሲኒየሩ ትደውላለች፤ ስለ ደወለችም አትጠየቅም። ያን ሌሊት ይህ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ቢኖር የሥራ ባልደረባዬ የሬዚደንቷን ስልክ ቆማ አታይም ነበር።

የደንገጎ ቁልቁለት

እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ እጨምረዋለሁ። ሲኒየሮቹ ግን የሚቀበሉት ይመስልሻል?

ቀን ከሌት

ሲኒየሮቹ ይቀበሉሃል፤ ማንም ደወለ ማን ቀድሞ የደወለ ይሻላቸዋል። የሚያስቸግሩህ ሬዚደንቶቹ ናቸው። በአዋላጅ መታለፍን የሚወድ ሬዚደንት እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ወረቀቱን ወደ ላይ ከመውሰድህ በፊት ከእነሱ ጋር ተቀመጥ፤ ያቺን የሁለተኛ ዓመት ልጅም ጥራት፣ መጀመሪያ እሷ ትናገር።